ሰልፍ ያልወጣው ቁጣ፦ ደመወዝ፣ ትርፍና የሐዋሳ ስፌት ሠራተኞች

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት የማያወራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ባጃጅ ውስጥም፣ ሻይ ቤትም፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበላም ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል። አንዱ ፎቅ ላይ ፎቅ ይጨምራል፤ ሌላው የአንድ ክፍል ኪራይ አቅቶታል። ታዲያ ከመሃል አንድ ሰው አይጠፋም፦ ውጭ አገር ቢሆን ሕዝቡ ይሄኔ አደባባይ ወጥቶ ነበር የሚል።

አባባሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ጥሩ ነው። መልሱ ግን "እኛ ፈሪዎች ስለሆንን" አይደለም። እዚህም ተቃውሞ አለ። መልኩ ስለተለየ ነው የማናየው። ይህን ለማሳየት ከከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መጀመሪያ ግን ያን "ውጭ አገር" የሚባለውን ነገር እንየው፤ ብዙ ጊዜ የሚወራው ግማሹ ብቻ ነውና። (የፈረንጆቹን ዓመት እ.ኤ.አ.፣ የእኛን ዓ.ም. እያልኩ እሄዳለሁ።)

ኒውዮርክ ላይ የሆነው

የአሜሪካ ባንኮች መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ሳይቀር የቤት ብድር ሲሰጡ ቆዩ። ብድሩን ደግሞ እየጠቀለሉ እንደ ዕቃ ለሌላ ሸጡት። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ጥቅሉ ሁሉ ዋጋ አጣ። መስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ባንክ ከሰረ። በቀጣዩ ወር የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ተቋማትን ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ አጸደቀ።

ሕዝቡን ያንጨረጨረው ኪሳራው ብቻ አልነበረም። ሚሊዮኖች ቤታቸውን ሲያጡ፣ በመንግሥት ገንዘብ ከሞት የተረፈው የኢንሹራንስ ኩባንያ ኤአይጂ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሠራተኞቹ ወደ 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ መክፈሉ ተሰማ። ኪሳራው የሕዝብ፣ ቦነሱ የእነሱ። ነገሩ እንዲህ ባጭሩ ስለሚነገር ማንም ለመረዳት አልተቸገረም።

መስከረም 17 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ሰልፈኞች ከዎል ስትሪት አጠገብ ያለችውን ዙኮቲ ፓርክ ያዙ። ለምን እዚያ? የከተማው መናፈሻዎች ማታ ይዘጋሉ። ዙኮቲ ግን የግል ድርጅት ይዞታ ነች፤ ሆኖም ከከተማው ጋር ባለ ስምምነት ቀንም ማታም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለባት። ስለዚህ ድንኳን ተከሉ። ድምፅ ማጉያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ አንዱ ሲናገር ሌላው ዓረፍተ ነገሩን በጋራ እየደገመ ወደ ኋላ ያስተላልፍ ነበር። መፈክራቸው "እኛ 99 በመቶው ነን" የሚል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 15 ሌሊት፣ ፖሊስ ፓርኩን አጸዳው።

ምን አተረፉ? በእነሱ ስም የወጣ ሕግ የለም። ሆን ብለው አንድ የተለየ ጥያቄ አላቀረቡም። ጥያቄ ማቅረብ ሥርዓቱን መቀበል ነው የሚሉ መሃላቸው ነበሩ። የቀረው 1 በመቶና 99 በመቶ የሚለው አነጋገር ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን ደመወዝ አይሆንም።

ከዓመት በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ የበርገርና የዶሮ ቤት ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡ። የጠየቁት በሰዓት 15 ዶላርና ማኅበር የማቋቋም መብት ነው። ያኔ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.25 ዶላር ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 የሚያደርስ ሕግ አወጡ። የፌዴራሉ 7.25 ግን ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ድል በሉት። ለእኔ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምረው ይኼ ነው። ቁጥር አለው፤ ጥያቄው ለማን እንደቀረበም ይታወቃል።

ስግብግብነት ነው ወይስ ስሌት?

አሁን ወደ ቤታችን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። አንድ የቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ ነው የጨረሰው። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር፣ ዕቅዱ 60,000 ሰው መቅጠር ነበር። ዋናው እንግዳ ፒቪኤች ነበር፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር የልብስ ብራንዶች ባለቤት የሆነ የአሜሪካ ኩባንያ። አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር። ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች የእኛን ያህል ዝቅ ያለ አላገኙም።

እዚህ ላይ "ስግብግቦች!" ብሎ መዝጋት ይቻላል። ቀላል ነው፤ ግን ብዙ አያስረዳም። አሠራሩን እንየው።

ብራንዱ ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የለውም። ትዕዛዝ ነው የሚሰጠው። ይህን ያህል ሺህ ሸሚዝ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ ይላል። ፋብሪካዎች ደግሞ በዚያ ዋጋ ላይ ይሻማሉ። እዚህ የሚሰፋው ጨርቅ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ፋብሪካው ጨርቁን ማርከስ አይችልም። ክሩንም፣ ዚፑንም እንደዚያው። እንደ ልብ የሚያዝበት አንድ ነገር የሠራተኛዋ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ዋጋው ሲጨመቅ ጭማቂው የሚወጣው ከእሷ ነው። የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች እንደሚሉት ከአንድ ልብስ የመደብር ዋጋ ውስጥ የሰፊዋ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ አይበልጥም።

ከላይ ያለው ብራንድስ? ፒቪኤች በ2018 እ.ኤ.አ. ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ይህ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። የተጣራ ትርፉ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የዚህ ዓይነት ኩባንያ አክሲዮን በገበያ ይሸጣል። ሥራ አስኪያጁ በየሦስት ወሩ ለባለአክሲዮኖች ቁጥር ያሳያል። የእሱም ክፍያ ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ሰውየው ደግ ይሁን ክፉ ለውጥ የለውም። ደግ ሆኖ ወጪ ቢጨምር በሌላ ይተኩታል። ስግብግብነቱ ደመወዝና የሥራ መደብ አለው ማለት ይቻላል።

ፋብሪካዎቹም የሚሉት አላቸው። ሠራተኛዋ ስፌት ማሽን አይታ አታውቅም፣ ማሠልጠን ያስወጣል፣ የምታመርተው ከእስያዋ ያንሳል፣ ወደቡ ጂቡቲ ነው ይላሉ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን አንድ የማይመች ነገር አለ። ርካሽ የሰው ጉልበት አለን ብለን ዓለምን የጠራነው እኛው ራሳችን ነን። ኢንቨስተር ለመሳብ የተዘጋጀውን ማስታወቂያ ያየ ያውቀዋል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከማባበያዎቹ አንዱ ነበር።

ሳይናገሩ መሄድ

እዚያው ጥናት ላይ ከ26 ዶላሩ ያላነሰ ትኩረት የሚገባው ቁጥር አለ። በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛ ፍልሰቱ 100 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር። በአማካይ ሲታይ ፋብሪካዎች በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ ቀይረዋል ማለት ነው። ባለሀብቶች ይህን የሥራ ባህል ችግር ይሉታል። ገጠር ያደጉ ናቸው፣ ሰዓት አያከብሩም፣ ለበዓል ከሄዱ አይመለሱም ይባላል። እኔ ተቃውሞ ነው የምለው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 750 ብር ተከፋይ ነሽ። ፓርኩ ሲመጣ በየሰፈሩ የኪራይ ዋጋ ወጣ። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ትይዛላችሁ። ምግብ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ካርድ አለ። ለቤተሰብ ልትልኪ ነበር የመጣሽው፤ እንዲያውም ቆጮና ዱቄት ከቤት ይላክልሻል። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደመወዙ ሠራተኛዋን በልቶ ለማደር ካላበቃት ጉድለቱን የሚሞላ ሌላ ሰው አለ። እሱ ደግሞ ወላይታ ወይ ሲዳማ ገጠር ያለ ገበሬ አባት ነው። ገበሬው ሳያውቀው የአሜሪካ ሸሚዝ ይደጉማል። ድጎማ ሲባል መንግሥት ለባለሀብት የሚሰጠው የግብር እፎይታ ብቻ የሚመስለን ተሳስተናል።

ታዲያ ልጅቷ ምን ታደርጋለች? የወሩን ደመወዝ ተቀብላ ሳትናገር ትሄዳለች። ወይ ወደ ቤቷ፣ ወይ ሻይ ቤት መሥራት፣ ወይ ዓረብ አገር። ለፋብሪካው ኪሳራ ነው። ያሠለጠናት ሄደች፤ ላይኑ ላይ ክፍተት ተፈጠረ፤ የቀኑ ታርጌት አልሞላም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ለሚገቡ የሚከፈል አበል፣ ምሳ፣ ሰርቪስ መጨመር ነበረባቸው። ያ በልመና የመጣ አይደለም። የሄዱት ልጆች ነው ያስጨመሩት፤ እነሱ ግን አልቀመሱትም።

ድክመቱም እዚህ ጋ ነው። መሄድ ጥያቄ አይተውም። ለምን እንደሄደች ማንም አይመዘግብም። በማግስቱ ሌላ ልጅ ከአውቶቡስ ትወርዳለች።

ማኅበሩስ?

በወረቀት ላይ መብቱ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ይሰጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አድማ ለመምታት ግን መንገዱ ረጅም ነው። ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ምክንያቱን ማሳወቅ፣ በስምምነት ለመጨረስ መሞከር፣ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን ያስፈልጋል። አደባባይ ለመውጣት ደግሞ ሌላ አዋጅ አለ። አዋጅ 3/1983 ሰልፍ ጠሪዎች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይላል። ማሳወቅ ነው የሚለው። በተግባር ግን ማሳወቅና ማስፈቀድ ከተቀላቀሉ ቆይተዋል።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራተኛ ማደራጀት እንዳስቸገረው ደጋግሞ ተናግሯል። አሠሪዎች ማኅበር አይወዱም፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ማኅበር እንዲኖር የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል። ሊቀመንበሯ በስድስት ወር ከሄደች፣ ጸሐፊዋ ዓረብ አገር ከገባች፣ ማን ይደራደራል? ልጆቹን ነፃ የሚያወጣው መውጫ በር እዚያው ለቀሩት ደግሞ ድምፅ ያሳጣል።

ሆኖም ሁሌም ዝም ተብሏል ማለት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በፓርኩ ሠራተኞች በክፍያና በአያያዝ ምክንያት ሥራ አቁመዋል። ሥርዓቱን የጠበቀ፣ 10 ቀን ቀድሞ የተነገረለት አድማ አልነበረም። የሚነግርላቸው ማኅበር ከየት ይመጣል?

ባለሀብቱም እግር አለው

ደመወዝ ይጨመር ሲባል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ከጨመርን ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ግን ምን እንደሆነ እናስታውስ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱ የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም፤ የሰሜኑ ጦርነት ነበር። ጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። አጎዋ ማለት የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራ አጡ። ርካሽ መሆን አላዳናቸውም።

ዳካ ውስጥ ያለው፣ ሐዋሳ ውስጥ የሌለው

ዋና ከተማዋ ዳካ የሆነችውን ባንግላዴሽን እንደ ገነት ላቀርብላችሁ አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ ነው በዓለም ዙሪያ በተነሳው ቁጣ ብራንዶቹ በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት የፈረሙት። ከዚያ በፊት ቃል ይገቡ ነበር፤ ቃላቸው ሕንፃውን አላቆመውም።

ባንግላዴሽ ግን የልብስ ፋብሪካዎችን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ አላት። በ2018 እ.ኤ.አ. በወር 8,000 ታካ (የአገሪቱ ገንዘብ ነው) ሆነ። በ2023 ቦርዱ እንደገና ሲቀመጥ ሠራተኞች 23,000 ጠየቁ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሳ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ 12,500 ተወሰነ፤ የጠየቁትን ግማሽ ትንሽ ያለፈ ነው። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ያንን መመኘት አይቻልም። እኔ የማየው ግን ቀጠሮውን ነው። ቁጥሩ መቼና የት እንደሚወሰን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቁጣውም የሚሄድበትን ያውቃል።

ብሩ ወረደ፣ ግብሩ ቆመ

የእኩልነት ጉዳይ ፓርኩ አጥር ውስጥ አያልቅም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ልዩነትን ጂኒ በሚባል መለኪያ ይለካሉ። ዜሮ ማለት ሁሉም እኩል፣ 1 ማለት አንድ ሰው ሁሉንም ይዞታል ነው። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. 0.35 ነው። ከአሜሪካ ያነሰ! ከመሳቃችሁ በፊት፣ የሚለካው ቤት ለቤት ተጠይቆ የተገኘ ወጪ ነው። ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ኪራይ፣ ስንት ትራንስፖርት። የፎቁ ባለቤት የሚበላው ከእኛ አሥር እጥፍ አይደለም። ፎቁና መሬቱ ደግሞ ወጪ ስላልሆነ አይቆጠርም። መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ።

ብሩን ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር ለሚሸጥ ፋብሪካ የሠራተኛዋ ብር ዋጋ በግማሽ ረከሰለት። ለእሷ ግን ዘይቱ በዚያው መጠን አልረከሰም፤ ተወደደ እንጂ።

ግብሩን ደግሞ እዩ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 600 ብርን ከግብር ነፃ አደረገ። ዋጋው ሁሉ ሲጋልብ 600 ብሯ ለዘጠኝ ዓመት ከቦታዋ አልተነሳችም። በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ 2,000 ብር ሆነ። 5,000 ብር ደመወዝ ላይ ግብሩ ከ697.50 ወደ 500 ብር ወረደ ማለት ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳ 4,150 እጅ ይገባል። ጥሩ ነው። ግን የላይኛው ጫፍም አለ። ከፍተኛው 35 በመቶ ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል። ከዚያ በላይ መሰላል የለም። 15,000 የሚያገኝ መምህርና በመቶ ሺዎች የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻዋ ብራቸው ላይ እኩል ይቆረጣሉ። ነጋዴው ደግሞ ወጪውን አስቀንሶ ነው ግብር የሚከፍለው። ሠራተኛዋ ኪራይዋን አታስቀንስም።

ቁጥሩን ማን ይወስን?

የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ አለው። በ2017 ዓ.ም. ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል፤ ቆይቶም ተጨምሯል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ወለል የለም። ይሁንና በሩ በሕግ ተከፍቷል። አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 55 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። በቦርዱ ውስጥ መንግሥት፣ ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎች ባለድርሻዎች ይወከላሉ። ሥልጣኑን የሚወስነው ደንብ ነው ለዓመታት የተጓተተው።

ደንቡ ሲመጣ መጀመሪያ የማነበው አንድ ነገር ነው። አዋጁ ቦርዱ የሚመራበትን ጥናት ሲዘረዝር የአገሪቱን ኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያውንና "ሌሎች ሁኔታዎችን" ይጠቅሳል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ስምምነት ደግሞ የሠራተኛውንና የቤተሰቡን ፍላጎት፣ የኑሮ ውድነቱንም በግልጽ ጽፎ ያስቀምጣል። የሐዋሳ የአንድ ክፍል ኪራይ እኛ ሕግ ውስጥ "ሌሎች ሁኔታዎች" ከሚለው ሥር ነው ያለው። ደንቡ አውጥቶ በስሙ ይጠራው እንደሆነ ማየት ነው።